ሙያ በልብ ነው፤ በተማሪ ቤት የሚሠራ አንድ ድስት የምስር ወጥ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ ጠፈር ምርምር፣ ስለ አገር ታሪክና ስለ ሥልጣኔ ሲጽፉ፣ እኔ ስለ አንድ ድስት የምስር ወጥ ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁን አስቀድሜ ተቀብዬዋለሁ። ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ጉዳዩ የሆድ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ጉዳይ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከገጠር መጥተን በደብረ ታቦር ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ልጆች ብዙዎች ነን። ከመካከላችን ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ የተመለሰ ሁሉ ትምህርቱ ከብዶት አይደለም፤ ራሱን መመገብ አቅቶት የተመለሰም አለ። ስለዚህ ይህች ጽሑፍ ለእነዚህ ልጆች፣ ይልቁንም ለወንዶቹ ታስባ የተጻፈች ናት።

የነገሩ መነሻ

እኔና ታናሽ እኅቴ የመጣነው በጉና ተራራ ግርጌ ካለች መንደር ነው። ከመንደራችን እስከ ከተማው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እርሷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት መደብ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የከሰል ምድጃና ሁለት ድስት ይዘን እንኖራለን። አባታችን በገበያ ቀን ሲመጡ እናታችን የጋገሩትን እንጀራና ድርቆሽ፣ ከዚህም ጋር ምስር፣ ሽሮና በርበሬ ያመጡልናል። እንግዲህ እንጀራው ከቤት ይመጣል፤ ወጡ ግን በየቀኑ እዚሁ መሠራት አለበት።

ይህን ወጥ የምትሠራው እኅቴ ነበረች። ማንም አላዘዛትም፤ ነገር ግን ማንም «ልርዳሽ» ያላት አልነበረም። ከትምህርት ቤት እንደ ተመለስን እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ጠረጴዛው፣ እርሷ ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቦኖው እንሄዳለን። ወጡ ደርሶ፣ በልተን፣ ዕቃው ታጥቦ እርሷ ደብተሯን ስትከፍት እኔ የዕለቱን ጥናቴን ጨርሻለሁ። ብዙ ጊዜም ደብተሯ ላይ እንደ ተደፋች እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔም ይህን ሁሉ እያየሁ «ይህች ልጅ እንቅልፍ ትወዳለች» እል ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ተሰጠን። እኔ ከክፍሌ 4ኛ ወጣሁ። በመንደራችን ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ትወጣ የነበረችው እኅቴ ግን 38ኛ ወጣች። ካርዱን አጥፋ ከመደቧ ሥር ሸሸገችው። አባታችን በገበያ ቀን መጥተው ሲጠይቋት መልስ አጣች። እሳቸውም ካርዱን ተቀብለው ሲያገላብጡ ከቆዩ በኋላ «እንግዲህ ትምህርቱ ካልሆነላት ወደ ቤት ትመለስና እናቷን ታግዝ» አሉ። እኅቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ተነሥታ ጀሪካኑን ይዛ ወጣች። እኔም «አባባ፣ እባክዎ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይታገሡን» ብዬ ለመንኋቸው። እሺም እንቢም ሳይሉ አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

በማግሥቱ አንድ ነገር አደረግሁ። በሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የእኅቴን ሥራ በደቂቃ መመዝገብ ጀመርሁ። ተራ ጠብቃ ውኃ ለመቅዳት 40 ደቂቃ፣ ከሰል ለማቀጣጠል 20 ደቂቃ፣ ወጥ ለመሥራት 80 ደቂቃ፣ ዕቃ ለማጠብና ቤት ለመጥረግ 30 ደቂቃ ሆነ። ድምሩ 170 ደቂቃ ነው። ይህም በአምስቱ የትምህርት ቀናት 850 ደቂቃ፣ ማለት 14 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ ስለ ራሴ ደረጃ መኩራት አልቻልሁም። 4ኛ የወጣሁት በአእምሮዬ ብቻ ሳይሆን ከእኅቴ በየሳምንቱ በወሰድሁት 14 ሰዓት ጭምር ነበረና።

በዚያው ምሽት «ከነገ ጀምሮ ወጡን እኔ እሠራለሁ» አልኋት። ሳቀች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድምዓለም፣ አንተ? ሰው ቢያይህስ?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ

እውነቱን ለመናገር ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድፍኑን ምስር ሳልለቅም፣ ሽንኩርቱን በትልልቁ ቆራርጬ፣ በርበሬውን፣ ዘይቱንና ጨውን ሁሉ ባንድነት ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር በድስት ጨምሬ ጣድሁት። ከ40 ደቂቃ በኋላ ባወጣው ምስሩ በጥርስ መካከል ይንቋቋል፤ እውነተኛ ጠጠርም ነበረበት። በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሽንኩርቱም በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እኅቴ ምንም ሳትል በላች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ ዘይቱን አብዝቼ አግዬ በርበሬውን ባንድ ጊዜ ብገለብጥበት ወዲያው አረረና ጢሱ ቤቱን ሞላው። እኛም ሳልን፤ በሚቀጥለው ክፍል ያሉት አሮጊት አከራያችንም ሳሉ። ሳሉ በረድ ሲልላቸው በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ወጥ ነው የምትሠራው ወይስ ጋኔን ነው የምታስወጣው?» አሉኝ። እኔም አፍሬ «እማማ፣ እባክዎ ያስተምሩኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ጓደኞቼ «ሴታ ሴት» እንዳይሉኝ እፈራ እንደ ነበር ብነግራቸው «ሙያ በልብ ነው፤ የያዘው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ድስቱ አይጠይቅም» ብለው መለሱልኝ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከእሳቸው እጅ ያየሁትን ነው። ምክንያቱን ግን በክፍል ከተማርሁት ጋር እያስተያየሁ የጨመርሁት እኔ ነኝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሁለት ተማሪዎች፣ ለማታ ራትና ለማግሥቱ ምሳ የሚበቃው መጠን ይህ ነው፤ መለኪያው የሻይ ብርጭቆ ነው።

የምስር ክክ 2 ብርጭቆ፤ ቀይ ሽንኩርት 3 መካከለኛ ራስ፤ ዘይት ሩብ ብርጭቆ፤ የተዘጋጀ በርበሬ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍልቃቂ፤ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፤ ፍል ውኃ 6 ብርጭቆ ያህል፤ ቢገኝ ቁንጥር መከለሻ።

እነዚህን ነገሮች አንድ ባንድ ብንመረምራቸው ጂኦግራፊ ያስተምሩናል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋ ስለ ሆነች ገብስና ድንች ይስማማታል እንጂ ሙቀት የሚወደው በርበሬ አይሆንላትም። በርበሬው ሞቃት ከሆኑት እንደ ቡሬ ካሉ የጎጃም ወረዳዎች፣ ወይም በበርበሬው ስሙ ከታወቀው ከማረቆ ይመጣል። ሽንኩርቱ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው ከፎገራ ሜዳ ይጫናል። ጨውም ከአፋር ምድር ከአፍዴራ ሐይቅ ይመጣል። እንግዲህ አንድ ተማሪ በጠባብ ክፍሉ የሚጥዳት ትንሽ ድስት የደጋውን፣ የወይና ደጋውንና የቆላውን ገበሬ ድካም ባንድነት የምትሰበስብ ናት።

ስለ በርበሬ ጥቂት ቃል

በርበሬን ከጥንት ጀምሮ የእኛ ብቻ አድርገን እናስበዋለን። ነገር ግን የበርበሬ ተክል የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም ያለ ሕዝብ ይህን ተክል አያውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ በነጋዴዎችና በመርከበኞች እጅ በዓለም ተዳርሶ ወደ እኛም አገር ገባ። በሜክሲኮ ይኖሩ የነበሩት የአዝቴክ ሰዎች «ቺሊ» ይሉት ስለ ነበር ዛሬም ብዙ አገሮች በዚህ ስም ይጠሩታል። በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት ደግሞ ሥጋን በብዙ በርበሬ አብስለው የሚሠሩት ወጥ ራሱ «ቺሊ» ይባላል፤ ከቴክሳስ ውጭ ያሉት ብዙዎች ቦሎቄ ይጨምሩበታል። የቴክሳስ ምክር ቤት በ1977 ይህን ወጥ የግዛቱ ምግብ ብሎ ሰይሞታል። ስለዚህ በአንድ ድስት ውስጥ ጥራጥሬና በርበሬ አብስሎ መብላት ከእኛ ሌላ ወንድሞች አሉት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን እንግዳ ተክል ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል። የእኛ በርበሬ ዛላው ብቻ ተፈጭቶ አይቀርም። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙድ፣ ከበሶብላ፣ ከጤና አዳም፣ ከጨውና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተደልዞ፣ ደርቆና ታምሶ የሚፈጭ ነው። ስለዚህ እናቱ ያዘጋጁለትን በርበሬ የያዘ ተማሪ አብዛኛው ሥራ ተሠርቶለታል፤ ቀላል ወጥ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር በምላሳችን ላይ ያለውንና ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያለን ሙቀት የሚያውቀውን ተቀባይ ስለሚቀሰቅሰው አእምሮአችን እሳት የነካን ይመስለዋል። ይህን ተቀባይ ያገኙት ዴቪድ ጁልየስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆኑ በ2021 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍለዋል። ካፕሳይሲን በዘይት እንጂ በውኃ በደንብ አይሟሟም። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ በርበሬ ከውኃ በፊት በዘይት መቁላላት አለበት። ሁለተኛ፣ በርበሬ ያቃጠለው ሰው ከውኃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ቢቀምስ ይሻለዋል።

አሠራሩ

1ኛ. ምስሩን በሰፌድ ላይ አፍስሶ ጠጠሩን መልቀም። ከዚያም ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ አጥቦ መዘፍዘፍ። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ በውኃ ውስጥ ቢቆይ ይለሰልሳል።

2ኛ. ሽንኩርቱን በጣም አድቅቆ መክተፍ። አከራያችን «ወጥ የሚወፍረው በሽንኩርት ነው» ይላሉ። በትልልቁ የተቆረጠ ሽንኩርት ሟሙቶ ከወጡ ጋር አይዋሐድም።

3ኛ. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በድስት ጨምሮ በመጠነኛ እሳት ማማሰል። ሊይዝ ሲል ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ። ይህ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የችኩል ሰው ወጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

4ኛ. ሽንኩርቱ ለስልሶ መልኩን ሲለውጥ ዘይቱን መጨመርና ጥቂት ማቁላላት።

5ኛ. እሳቱን ቀነስ አድርጎ በርበሬውን መጨመር። ወዲያውም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጎ ማማሰል። ውኃው ሲመጥ እንደገና ጠብ ማድረግ። ይህንም ለ15 ደቂቃ እየደጋገሙ ቢሠሩ የበርበሬው ጥሬ ሽታ ይጠፋል፤ ዘይቱም ቀልቶ ከላይ ይወጣል። ቁሌቱ ደረሰ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። እኔን ያሳረረኝ ይህን ውኃ አለማወቄ ነበር። ዘይት ከውኃ መፍያ እጅግ የበለጠ ሊግል ይችላል፤ ጠብ የምትለው ውኃ ግን እየተነነች ሙቀቱን ይዛ ስለምትሄድ በርበሬውን ከማረር ታድነዋለች።

6ኛ. የተቀጠቀጠውን ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ጥቂት ካማሰሉ በኋላ ምስሩን ከተዘፈዘፈበት አጥልሎ መጨመርና ከቁሌቱ ጋር ማዋሐድ። ቀጥሎም ፍል ውኃውን መጨመርና መክደን። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ድስቱ እንደገና እስኪፈላ ድረስ ከሰልም ጊዜም ይባክናል።

7ኛ. በመጠነኛ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማንተክተክ፤ አልፎ አልፎ ከሥር እንዳይዝ ማማሰል። ቲማቲም መጨመር የሚፈልግ ሰው ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይጨምር፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ጥራጥሬ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋልና።

8ኛ. ጨውን በመጨረሻ ጨምሮ መቅመስ። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ልክ የነበረው ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል። መከለሻውን ነስንሶ ካወጡ በኋላ ድስቱን ከድኖ ጥቂት ማሳረፍ ነው።

ይህ ወጥ ቅቤ ስለሌለበት በጾምም በፍስክም ይበላል። ከሥራው ሁሉ እጅ የሚይዘው የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ወጡ በሚንተከተክበት ጊዜ እኔ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የባዮሎጂ ደብተሬን አነባለሁ፤ ደብተሬ ላይ ሁለት የበርበሬ ነጠብጣብ ከመውደቁ በቀር ጉዳት አልደረሰብኝም።

ምስር በደብረ ታቦር ለምን ይዘገያል?

እኅቴ ባሕር ዳር ዘመድ ዘንድ በሄደች ጊዜ ምስሩ ከእኛ ይልቅ ቶሎ እንደሚበስል አስተውላ ነግራኝ ነበር። እኔ ከሰላችን ደካማ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም። እሳትማ በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነሐስ አቅልጦ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠራ ነው። ምክንያቱ ውኃው ነው።

በባሕር ወለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን በላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። የእኛ ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች 2,700ን ለ300 ብናካፍል 9 ይሆናል፤ ስለዚህ ውኃችን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። በፊዚክስ መምህራችን ፈቃድ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትተን ስናየው ከዚሁ ቁጥር አጠገብ ቆመ። ውኃ ከፈላ በኋላ ከሰል ብንጨምርበት በኃይል ይንፈቀፈቃል፤ ቶሎም ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ምስሩ እንዲቸኩል ብሎ ከሰል መቆለል ገንዘብ ማቃጠል ነው። የሚጠቅመው ክክን መምረጥ፣ ቀድሞ መዘፍዘፍና ድስቱን መክደን ነው። ዴኒስ ፓፒን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 ክዳኑ የሚጠብቅ ድስት የፈለሰፈው እንፋሎቱን አምቆ ግፊቱን በመጨመር ውኃው ከተለመደው በላይ እንዲግል ለማድረግ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የግፊት ድስት የእርሱ ልጅ ነው፤ ለተማሪ ኪስ ግን ገና ሩቅ ነው።

ስለ ምግብነቱና ስለ ጥንቃቄው

ደረቅ ምስር ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ብረት የሚባለውም ማዕድን አለው። በእህል ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን በምስር ውስጥ ሲበዛ፣ በምስር የሚያንሰው ሜታዮኒን ደግሞ በእህል ይገኛል። ስለዚህ እንጀራና ምስር እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ናቸው። ከወጡ ጋር አንድ ጥሬ ቃሪያ መብላትም መልካም ነው፤ በቃሪያ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የምስሩን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዲወስደው ያደርጋል። ሴንት ጆርጂ የተባሉት የሀንጋሪ ሊቅ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጡት ከአገራቸው በርበሬ ነበር፤ በ1937ም ለሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ስለ ጥንቃቄ ሦስት ነገር እናገራለሁ። የመጀመሪያው ከሁሉ ይበልጣል። የደብረ ታቦር ሌሊት ብርድ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ወጡን ከሠራ በኋላ ምድጃውን እንደ ጋለ ቤት ዘግቶ ሊተኛ ይፈልጋል። ይህ ሞት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መልክም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህም በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ በሚሠራበት ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሥራው ሲያልቅ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። ለብርዱ ጋቢ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሻገተ በርበሬ ወይም ምስር «ቢታጠብ ይለቃል» ተብሎ አይበላ፤ በሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ይህም በመቀቀል አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ለምሳ የተረፈው ወጥ እንደገና እስኪፈላ ድረስ ይሙቅ።

የነገሩ ፍጻሜ

አንዳንድ ሰው «ተማሪ ድስት ሲያማስል ክብሩ ይቀንሳል» ይል ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ተማሪ ራሱን ችሎ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ በእኛ አገር በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ከሩቅ የሚመጡ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው፣ ለምነው፣ ለራሳቸው ውኃ ቀድተው ነው ለመምህርነት የሚበቁት። ራሳቸውን በማገልገላቸው ያነሰ ክብር የለም።

አሁን እኔና እኅቴ ተራ አለን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወጡ የእኔ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ የእርሷ ነው። ወጥ የሠራ ሰው ውኃ አይቀዳም። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንደገና ደምሬ ባየው ልዩነታችን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆኗል።

በአንድ ገበያ ቀን አባታችን ከተለመደው ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ዓርብ ነበርና እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እኅቴ ጠረጴዛው ላይ አልጄብራ ስትሠራ አገኙን። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እርሷን ተመለከቱ። እኅቴ ደንግጣ ልትነሣ ስትል በእጃቸው «ተቀመጪ» አሏት። እጃቸውን አስታጠብሁና አቀረብሁ። አንዱን እንጀራ ጨርሰው ሁለተኛውን ሲጀምሩ «ጨው አነሰው» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። በሚቀጥለው ገበያ ግን ምስሩን የቋጠሩበትን ከረጢት እንደ ወትሮው ለእኅቴ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። ስለ መመለስም ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ሳስረክብ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ካርድ ገና አልተሰጠንም። ስለዚህ እኅቴ ስንተኛ እንደምትወጣ ልነግራችሁ አልችልም። ባለፈው ወር በሒሳብ ከ20 17 አግኝታ ወረቀቱን ከመደቡ ሥር ሳትሸሽገው ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ እንደ ነበር ግን እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼ ሆይ፣ ከእኅታችሁ ጋር የምትኖሩ ብትሆኑ የእርሷን ሰዓት አንድ ሳምንት ብቻ መዝግቡ። ብቻችሁን የምትኖሩም ብትሆኑ ስንቅ አለቀ ብላችሁ በባዶ ሆድ ወደ ክፍል አትግቡ። 2 ብርጭቆ ምስር፣ 3 ራስ ሽንኩርትና ትዕግሥት ካላችሁ ራታችሁም ምሳችሁም አለ። ጨውን ግን ቀምሳችሁ ጨምሩ።